ሁለት ምስክር የተጠየቀበት በር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጋቢ አለበሰኝና ማይክራፎኑን ጨብጦ፣ «በጋሽ አያልነህ ዘመን ይህ ፋብሪካ ቆሞ አያውቅም!» አለ። ሰው አጨበጨበ። የእኔ ደም ግን ፈላ። ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁት እኮ መቆም ባለበት ሰዓት እንዲቆም ነው! የኤሌክትሪክ ሠራተኛን «ማሽንህ ቆሞ አያውቅም» ብሎ ማመስገን፣ ሾፌርን «ፍሬን ይዘህ አታውቅም» ብሎ እንደ ማመስገን ነው። እዚያው ልነግረው አፌን ስከፍት ባለቤቴ የጋቢውን ጫፍ ሳብ አደረገችና፣ «ተው አንተ ሰውዬ፣ ዛሬን እንኳ ቻለው» አለችኝ። ቻልሁት። ልጁ ገና ትናንት የመጣ ነው፤ ምን ያውቃል ብዬ ተውሁት። አሁን ግን ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያዛውረኝም የሚገስጸኝም የለም፤ እናገራለሁ።

ሥራ የጀመርሁት እዚሁ ሞጣ፣ በዱቄት ፋብሪካው ነው። ፋብሪካ እንበለው እንጂ ያኔ ከትልቅ ወፍጮ ቤት ብዙም አይሻልም ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የሞጣ ልጅ ናቸው፤ አባት አያታቸው ጨርቅ ነጋዴዎች ነበሩ፣ እሳቸው ግን ሱቁን ለወንድሞቻቸው ትተው ከሽቦ ጋር ተጋቡ። አጭር፣ ቁጡ፣ ሲናደዱ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ዝቅ ካለ ያን ቀን ወዮልህ።

ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ነው። ጆሯቸውን ያስጠጉና ያዳምጣሉ። «ይሄኛው ጉሮሮውን ታሟል» ይላሉ። ስንፈታው አንዱ ንክኪ ተቃጥሎ እናገኛለን። ቀኝ እጃቸው ሲሠራ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ኤሌክትሪክ ቢይዛቸው በደረታቸው እንዳያልፍ። እኔንም፣ «ግራህን ክተት፣ ለልጆችህ ትቆይላቸው» እያሉ ነው ያስለመዱኝ። ሰው እንዲጠላቸው ያደረገው ልማድ ግን ሌላ ነበር። ማሽኑ እየሠራ ሳለ፣ አደጋ ሲመጣ ከሚያቆሙት መጠበቂያዎች አንዱን መርጠው ሽቦውን ብድግ አድርገው ይነቅሉታል። ማሽኑ ቀጥ ካለ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መልሰው ያስሩታል። ካልቆመ ምሳ የለም፤ እስኪገኝ ድረስ እሳቸውም አይበሉ፣ እኛም አንበላ። ፈጪዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው፣ «መጣልህ ደግሞ ሽቦ ነቃዩ!» ይባባሉ ነበር።

አንድ አዲስ ዕቃ በተገጠመ ቁጥር የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ይሄ ነገር ሲሞት ወዴት ይወድቃል?»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ በጎተራው በር አስረዱኝ። እህሉ የሚከማችበት ረጅም የብረት ጎተራ አለ፤ ከሥሩ እህሉን እየጠመዘዘ የሚያወጣ ብረት አለ፣ እኛ «ስክሩ» እንለዋለን። ጎተራው ጎን ላይ ሰው የሚገባባት ጠባብ በር አለች። ሰው ውስጥ ሳለ ስክሩ ከተነሣ አለቀለት። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ በሩ ላይ መጠበቂያ ገጠሙ። በሩ ዝግ ሲሆን ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ያልፋል፤ ሲከፈት ይቋረጣል፣ ስክሩም አይነሣም። ሽቦው ቢበጠስም፣ መብራት ቢጠፋም፣ አይጥ ቢበላውም ያው ነው፤ ይቆማል። «ጭነቱ ሲያዘነብልበት ቀጥ የሚል አህያ ባለቤቱን ያናድዳል፤ እህሉን ግን አይደፋም» አሉኝ። ኢንጂነሮች ለዚህ የፈረንጅ ስም አላቸው። በእኛ ቋንቋ ሲበላሽ ወደ ደህናው ወገን የሚወድቅ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አስተማሩኝ፤ እሱ ከሽቦው ይልቅ ከበደኝ። ፈረቃ ላስረክባቸው የመጀመሪያ ቀን፣ «ደህና አደሩ ጋሽ ሰይድ፤ ሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኋቸው።

«ሰላምታህን ያዝልኝ» አሉ። «መጀመሪያ የተበላሸውን ንገረኝ።»

«ኧረ የተበላሸ ነገር የለም!»

«እንግዲያው አላየህም ማለት ነው። ሂድና አይተህ ና።»

ተቀየምሁ። እኛ አገር እኮ ቤቱ ቢቃጠልበት እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የማይል ሰው የለም። ክፉ ወሬ ቀስ ተብሎ፣ ተዘጋጅቶ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። መርዶ ዝም ብሎ አይወረወርም። ጋሽ ሰይድ ግን፣ «ለሰው እንዲያ አድርግ። ለማሽን መርዶ አታዘግይለት» ይሉ ነበር።

ከዓመታት በኋላ የፋብሪካው ባለቤት ቢቸና ላይ ትልቁን ፋብሪካ ከፈተና የኤሌክትሪክ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ላከኝ። ደመወዙም ከፍ አለ፤ እሰይ ብዬ ሄድሁ። ይበልጣልን ያወቅሁት እዚያ ነው። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ቅኔ ጀምሮ የተወ፣ ትከሻው የበሬ ጫንቃ የሚያህል ሰው ነበር። ሥራው ክረምት ክረምት እርጥበት የበላው ስንዴ ከጎተራው ግድግዳ ጋር ተጋግሮ አልወርድ ሲል፣ በጠባቧ በር ገብቶ በረጅም እንጨት እየመታ ማውረድ ነበር። በሩን ወለል አድርጎ ከከፈተ በኋላ ብረቱን በጡጫው መታ መታ ያደርግና፣ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ከዚያ ራሱ፣ «ይግቡ፣ ይግቡ!» ብሎ ይመልስና ይገባል። ሁልጊዜ ነበር እንዲህ የሚያደርገው፤ ሁልጊዜም እንስቅ ነበር።

የቢቸናው ሥራ አስኪያጅ ግን አይስቅም። አይጥ የበሩን ሽቦ በበላው ቁጥር ፋብሪካው ይቆማል፣ እሱም ከቢሮው ወጥቶ ይጮሃል። «ምነው ሸዋ! በአይጥ ምክንያት ነው እንዴ የምንከስረው?» ይላል። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ኢንጂነር አስመጣና ፋብሪካውን በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አስደረገው። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ዱቄቱን በቧንቧ የሚገፋውን ነፋሻ ሁለት አደረገው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ሳይነገረው ይረከባል። ነፋሻው ድንገት ከቆመ ቧንቧው ሁሉ ታፍኖ ሙሉ ቀን ስንጠርግ ነበር የምንውለው፤ ያ ቀረልን። ብልሽት ችሎ መሥራት ማለት ይሄ ነው፤ በቦታው ሲሆን መልካም ነገር ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያይ አማረው። «የጎተራውንም በር እንዲሁ አድርግልኝ» አለ። «አንድ ሽቦ በተበላ ቁጥር መቆም ይብቃን።» እናም በሩ ላይ ሁለት መጠበቂያ ተገጠመ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ሁለቱም «በሩ ተከፍቷል» ካላሉ ስክሩ እንዳይታገድ ተደረገ። ቃላቸው ከተለያየ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራለች፤ ሥራው ይቀጥላል።

ለምረቃው ጋሽ ሰይድን ከሞጣ ጠርተናቸው ነበር። ዞረው ሲያዩ ቆዩና በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንደኛው ቢሞትስ?» አሉ።

«ሥራው ይቀጥላላ ጋሽ ሰይድ!» አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳቀ። «አንድ ምስክር አያስፈርድም አይደል የሚባለው? አሁን ሁለት አቁመናል።»

የጋሽ ሰይድ ድምፅ ዝቅ አለ። «ልጄ፣ ለመፍረድ ሁለት ምስክር ይፈለግ ይሆናል። ‹እሳት!› ብሎ ለመጮህ ግን አንድ ሰው ይበቃል። አንተ ሁለተኛው ሰው ካልጮኸ ቤቱ ይቃጠል እያልህ ነው።»

ኢንጂነሩ ወደ መሬት አየ። ኋላ ለብቻው ስይዘው፣ «ልክ ናቸው። ለነፋሻው የሚሆን ለበሩ አይሆንም። አንዳቸው ከጮኹ እንዲቆም ለማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ እሱ ይፍቀድልኝ እንጂ» አለኝ። አብረን ገብተን ጠየቅነው። አልፈቀደም። «ሽማግሌው አሮጌ ሰው ናቸው፤ አሮጌ ነገር ይወዳሉ» ብሎ አሰናበተን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ ያችን ሴት ሥራ አስኪያጅ ሆና ያየኋት እኔ ነኝ።

መጥፎው ነገር፣ ሠራተኛው ሁሉ ሁለት መጠበቂያ ሲያይ ልቡ ሞላ። አንዱ ቢሞት ሌላው ይጠብቃል ብሎ የማያስብ ማን አለ? ግን እንዲያ አልነበረም። አንዱ ተጣብቆ «ዝግ ነው» እያለ ከቀረ፣ ሌላው ብቻውን ቢጮህ የሚያምነው የለም። ይህን ለሠራተኛው ስናገር፣ «ኧረ አያልነህ፣ አታሟርት!» ይሉኝ ነበር። ቢጫዋ መብራት ደግሞ አይጥ ሽቦ በነካ ቁጥር ስለምትበራ ዓይን ለመዳት። እኔ ባለሁ ጊዜ ሽቦውን እየጠገንሁ አጠፋታለሁ።

ከዚያ እናቴ አረፈች። ልቅሶ ለመቀመጥ ወደ ሞጣ ሄድሁ። ታዲያ ልክ በዚያ ሰሞን መብራቷ በራች። ሞላ የሚባል በእኔ ሥር የሚሠራ ኤሌክትሪሻን ወጥቶ አየው። በዚህ ጊዜ አይጥ አልነበረም። የላይኛውን መጠበቂያ ምላስ ዱቄትና እርጥበት አንድ ላይ ሆነው እንደ ሊጥ አጣብቀውታል። በሩ ቢከፈትም «ዝግ ነው» ይላል። ሞላ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው። ሥራ አስኪያጁ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አያልነህ ሐዘን ላይ ነው፤ በሐዘኑ ላይ ሐዘን እንዳትጨምሩበት። ሲመለስ ይየው።»

የፋብሪካው ሰዎች በአይሱዙ ተጭነው ሊያጽናኑኝ መጡ። ሞላም ነበር፣ ይበልጣልም ነበር። ይበልጣል እንግዳ ሆኖ መጥቶ እንደ ቤተሰብ ውሃ ሲቀዳ፣ ወንበር ሲያነሣ ዋለ። ሞላን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «ፋብሪካው እንዴት ነው?» አልሁት።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። «አንተ ብቻ በርታ።»

አያችሁ? ክፉ ሰው አይደለም ሞላ። ለእኔ ብሎ ነው! ለእኔ ሐዘን አዝኖ፣ ወጉን ጠብቆ፣ መርዶውን አዘገየልኝ። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ የማን አንገት እንደማንቅ አላውቅም። ጠላት ቢሆን ምን ነበረበት! ይበልጣልም ከዚያ በፊት ስለ መብራቷ ጠይቆት ኖሯል፤ «ሌላኛው ይሠራል፣ አይዞህ» ብሎታል። እውነቱን ነው፤ ሌላኛው ይሠራ ነበር። ምን ዋጋ አለው?

ከልቅሶ ሳልመለስ ሆነ። ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ እያለ ነው። ይበልጣል በሩን ከፈተ፣ «ቤቶች!» አለ፣ ስክሩ ጸጥ ብሎ ነበርና ገባ። እንጨቱን ማንሣት ሲጀምር ወፍጮው በኮምፒዩተሩ በኩል እህል ጠየቀ፣ ስክሩ ተነሣ። ጩኸቱን የሰማች አንዲት ጠራጊ ሮጣ ቀዩን ማቆሚያ ባትመታው ኖሮ ሬሳውን ነበር የምናወጣው። እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ስደርስ ኮሚቴ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ፣ «ሠራተኛው በሩን በደንብ ሳይከፍት፣ ገርበብ አድርጎ ስለገባ መጠበቂያው ሊያውቀው አልቻለም» እያለ ነው። ወጥቼ የላይኛውን መጠበቂያ ፈታሁና ከነሊጡ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

«ይሄ ምላስ ይንቀሳቀሳል? ንኩት እስኪ!» አልሁ።

«ከአደጋው በኋላ ተጣብቆ ቢሆንስ?» አለ።

«በሩ ገርበብ ካለ ያ ትከሻ በየት በኩል ይገባል? እስኪ አንተ ሞክረው!»

«አያልነህ፣ አንተ እኮ አልነበርህም።»

ጠራጊዋ፣ «‹ቤቶች!› ሲል ሰምቻለሁ፤ ከፍቶ ነው ሁልጊዜ የሚጣራው» አለች። «ጩኸት በር አይከፍትም» ብሎ አስቀመጣት። ሞላ ተጠየቀ። ልጆቹን አሰበ መሰለኝ፤ እጆቹን ጭኑ መሃል ከትቶ፣ «በዕለቱ ሁሉም ደህና ነበር» አለ። ሌሎቹም አላየንም አሉ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ እውነትም ስንዴው ነቀዘ እንጂ የእነሱ ዝምታ እስከ ዛሬ አልነቀዘም።

እኔ ብዙም ሳልቆይ «ለሥራው ቅልጥፍና» ተብዬ ወደ ሞጣ ተዛወርሁ። ጋሽ ሰይድ ያኔ ዓይናቸው ደክሞ ቤት ውለዋል። ገብቼ ሁሉንም ነገርኋቸው። «አላልኋችሁም?» ይሉኛል ብዬ ነበር፤ አላሉም።

«በሩን ከፍቶ ነበር?» አሉኝ።

«ከፍቶ ነበር።»

«እንግዲያው ‹ከፍቶ ነበር› አስብልለት። እግሩን አንመልስለትም። ይህን ግን እንችላለን።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሞከርሁ። ዓመት ሳይሞላ ሽማግሌዎች በሥራ አስኪያጁና በይበልጣል መካከል ሊገቡ ሲሉ ከሞጣ ሄጄ አብሬ ተቀመጥሁ። ይበልጣል ክራንቹን አጠገቡ አጋድሞ እንዲህ አለ፦ «ካሣም አልጠይቅ፣ ሥራም ስጡኝ አልል። ሠራተኛው ፊት ቆሞ ‹ይበልጣል በሩን ከፍቶ ነበር› ይበልልኝ። ‹እግሩን የበላው የራሱ ቸልተኝነት ነው› እየተባልሁ አልኑር። ልጄ ትልቅ ስትሆን ይህንን አትስማ።»

ሥራ አስኪያጁ በሬ እሰጣለሁ አለ፣ የልጅቱን ትምህርት ቤት እችላለሁ አለ። ያችን አንድ ቃል ግን እምቢ አለ። «እሱን ካልሁ ፋብሪካው አጠፋ ማለት ነው» አለ። ሽማግሌዎቹም ወደ ይበልጣል ዞሩ። «አየህ የእኛ ልጅ፣ ቃል እግር አይሆን። ምን ያደርግልሃል? ተወው፣ ለእግዚአብሔር ብለህ ተወው» አሉት። አንዱ ሲተው ሌላው ሲቀጥል፣ አንዱ ሲተው ሌላው ሲቀጥል፣ ቀኑ አለቀ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ «ለእግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» አለ። ሊመርቁ ሲነሡ ጥያቸው ወጣሁ። በምርቃት መሃል ተነሥቶ የሚወጣ ባለጌ ነው ተባልሁ። ይባል!

ጋሽ ሰይድ ከዚያ ወዲህ አረፉ። እኔም ሞጣ ላይ ሽቦ እየነቀልሁ፣ እየተጠላሁ፣ ዕድሜዬን ጨረስሁ። የቢቸናው በር እስከ ዛሬ ሁለት ምስክር ይጠብቃል ሲሉ ሰማሁ።

ባለፈው ወደ ቢቸና ሄድሁ። ይበልጣል ከገበያው መግቢያ አነስተኛ ሱቅ አለችው። እሱ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም፤ አንዲት ኮረዳ ወንበር አቀረበችልኝ። ልጁ ናት። እኔ ሳውቃት በአንቀልባ ነበረች።

«አባዬን ከፋብሪካው ነው የሚያውቁት?» አለችኝ።

«አዎ የእኔ ልጅ።»

«እግሩ የተቆረጠ ጊዜ ነበሩ?»

«አልነበርሁም።»

«በሩን በደንብ ሳይከፍት ገብቶ እኮ ነው» አለች፣ ስኳር እየሰፈረች። «ሁልጊዜ ይነግረናል። ‹እንደ እኔ አትቸኩሉ› ይለናል።»

ይበልጣል መጣ፤ ተሳሳምን፤ ልጅቱ ለእኔ ለስላሳ ልታመጣ ወጣች። አላስቻለኝም።

«አንተ! ለልጅህ ምን ብለህ ነው የነገርሃት?»

ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እኔንጃ አያልነህ። መጀመሪያ ስከራከር ነበር። ሁሉም ገርበብ አድርገኸው ነው ሲሉኝ፣ ሲሉኝ... አሁን ያን ቀን ሳስበው በሩን ገርበብ ብሎ ነው የማየው። ምናልባት ቸኩዬ ይሆናል።»

«ምን ምናልባት አለው! ያ በር ወለል ካላለ አንተን ያስገባል? ትከሻህን አታውቀውም? የላይኛው ተጣብቆ ነበር፤ በእጄ ፈትቼዋለሁ! ከፍተኸዋል ይበልጣል። እስከ ግድግዳው ድረስ ከፍተኸዋል!»

እየጮህሁ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ይበልጣል ፊቴን ትኩር ብሎ አየ፤ ለአንድ አፍታ ያመነኝ መሰለኝ።

«አይተሃል?» አለኝ።

«አላየሁም። ግን...»

እጄን በሁለት እጁ ያዘና ቀስ አድርጎ መታ መታ አደረገው።

«እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለኝ። «ስለምትወደኝ ነው እንዲህ የምትለው።»